ሳላማንደር ለማዳን ለምትቸኩሉ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ሳላማንደር፣ ማለትም እንሽላሊት የሚመስል ግን የእንቁራሪት ዘመድ የሆነ ባለ ጅራት እንስሳ፣ ይዛችሁ ወደ ቤት ከመግባታችሁ በፊት ይህን እወቁ፤ ሰዎች «አዳንነው» ብለው ከሚያመጧቸው ብዙዎቹ መጀመሪያውኑ መዳን የሚያስፈልጋቸው አልነበሩም። በዝናብ ሌሊት መንገድ የሚያቋርጠው አልጠፋም፤ ለመራባት ወደ ኩሬው እየሄደ ነው፣ ወይም ከዚያው እየተመለሰ ነው። መኪና የሚያሰጋው ከሆነ ፊቱን ባዞረበት አቅጣጫ አሻግሩትና ተዉት። ወደመጣበት ብትመልሱት እንደገና አስፋልቱ ላይ ይወጣል። ከግንድ ሥር ያገኛችሁትም ቤቱ ውስጥ ነው ያለው። ግንዱን አስቀድማችሁ ወደ ቦታው መልሱ፣ ከዚያ እንስሳውን ጠርዙ ላይ አስቀምጡት፤ ራሱ ይገባል። እንስሳውን አስቀድማችሁ ግንዱን ከላይ ብትጭኑበት ትጨፈልቁታላችሁ። እንቁላል ላይ ተጠምጥማ የምትጠብቅ እናት ካጋጠመቻችሁ ምንም አትንኩ፤ ጠባቂ ያጣ እንቁላል ብዙውን ጊዜ ይሻግታል።

መውጫ የሌለው ገንዳ ውስጥ ወይም የምድር ቤት መስኮት ጉድጓድ ውስጥ የወደቀውም ቢሆን ጤነኛ ከሆነ የሚፈልገው አውጥቶ እዚያው አቅራቢያ ጥላና እርጥበት ያለበት ቦታ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ልትይዙት የሚገባው የደረቀውን፣ የቆሰለውን፣ ድመት የነከሰውን፣ ወይም መሬቱ በረዶ ሆኖ መመለስ ያልተቻለውን ነው። በብዙ አገሮች የዱር አምፊቢያን (እንቁራሪትና ሳላማንደርን የመሰሉ እንስሳትን) መያዝ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ስለዚህ በዚያው ቀን ለዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቱ ደውሉ። የተገኘበትን ቦታም በስልካችሁ ካርታ ላይ ምልክት አድርጉ። «ከወንዙ አጠገብ» የሚል ማስታወሻ ለመመለስ አይረዳም።

ስህተት ሁሉ የሚጀምረው እንስሳውን እንደ እንሽላሊት ከማየት ነው። እንሽላሊት ቅርፊት ለብሶ ፀሐይ ይሞቃል፤ ሳላማንደር ግን በእርጥብ ቆዳው ይተነፍሳል፣ ውሃም በዚያው ቆዳ ይጠጣል። እንዲያውም ከዝርያዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ጭራሽ ሳንባ የላቸውም። ስለዚህ እጃችሁ ላይ ያለው ሳሙና፣ ክሬም ወይም የትንኝ መከላከያ በቀጥታ ሰውነቱ ውስጥ ይገባል። ዱቄት የሌለው የናይትራይል ጓንት ልበሱና በንጹህ ውሃ አርጥቡት። በጅራቱ አታንሱት፤ ብዙ ዝርያዎች ጅራታቸውን በጥሰው ይጥላሉ። ጅራቱ መልሶ ይበቅላል፣ ግን የስብ ክምችቱ እዚያ ነው። ጓንቱ ለእናንተም ነው፤ አንዳንዶቹ ቆዳቸው ላይ ቴትሮዶቶክሲንን የመሰለ ብርቱ መርዝ ስላለ ዓይናችሁንና አፋችሁን ሳትታጠቡ አትንኩ።

መኖሪያው ያማረ እንዲሆን አትድከሙ። 15 ሴንቲ ሜትር ለሚሆን እንስሳ 5 ሊትር ያህል የሚይዝ፣ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ይበቃል። የአየር ቀዳዳውን ከውስጥ ወደ ውጭ ብሱት፤ አለዚያ ስለታሙ ጠርዝ አፍንጫውን ይልጠዋል። ከሥሩ ቀለምና ሽታ የሌለው የወረቀት ፎጣ አንጥፉ፣ አንዱን ደግሞ ጨምድዳችሁ መደበቂያ አድርጉለት። ፎጣው ረጥቦ የተጨመቀ ይሁን። ሲነኩት ጣት ማርጠብ አለበት፣ ውሃ ግን መቋጠር የለበትም። ውሃ የተኛበት ዕቃ ውስጥ እንስሳው በገዛ ሽንቱ ተዘፍዝፎ ይውላል፣ አሞኒያውንም በቆዳው መልሶ ይመጠዋል። ፎጣውን በየቀኑ፣ ቢዘገይ በሁለት ቀን ቀይሩ። በአንድ ዕቃ አንድ እንስሳ ብቻ። አፈርና ቅጠል ለዓይን ያምራል፣ ነገር ግን ዓይነ ምድሩን፣ ቁስሉንና የጠፋውን ምግብ ይደብቅባችኋል።

ውሃው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የቧንቧ ውሃን ለ24 ሰዓት ክፍት ማስቀመጥ ክሎሪንን ያስወጣል፤ ክሎራሚን የሚባለውን ሌላ የውሃ ማከሚያ ግን አያስወጣም። የከተማችሁ ውሃ በየትኛው እንደሚታከም ካላወቃችሁ ለዓሣ ገንዳ የሚሸጠውን ክሎሪን ማስወገጃ ተጠቀሙ፣ ወይም የታሸገ የምንጭ ውሃ ግዙ። ማዕድኑ ሁሉ የወጣለት የተጣራ ውሃ ለመዘፍዘፊያ አይሆንም፤ የእንስሳውን ጨው እየሳበ ያወጣል።

የደረቀ ሳላማንደር ቆዳው ይጨማደዳል፣ ይጣበቃል፣ አቧራና ክር ይይዛል። እስከ ሆዱ አጋማሽ ብቻ በሚደርስ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ራሱን ከፍ አድርጋችሁ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ አቆዩት፤ አጠገቡ ሆናችሁ ጠብቁ። የየብስ ሳላማንደር ሲደክም ጥቂት ውሃ ውስጥም ይሰጥማል። ጣቱ ላይ የተጠመጠመውን ክር ሳይርስ አትጎትቱ። ቁስል ላይ አልኮል፣ አዮዲን ወይም የሰው ቅባት አታድርጉ። የድመት ንክሻ ትንሽ ቢመስልም ጥርሱ የሚያስገባው ባክቴሪያ ነው የሚገድለው፤ ሳትዘገዩ አምፊቢያን ወደሚያክም የእንስሳት ሐኪም ውሰዱት።

ሙቀቱ ከ12 እስከ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን። ከ22 በላይ ሲሆን ብዙዎቹ ይጨነቃሉ። መብራትም ማሞቂያም አያስፈልግም። ቤታችሁ የሚሞቅ ከሆነ የቀዘቀዘ የውሃ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልላችሁ ከዕቃው ውጭ አስጠጉ። መኪና ውስጥ ትታችሁት ለአፍታም አትውረዱ። በክረምት ብርድ ደንዝዞ የተገኘውን ደግሞ ሳሎን አስገብቶ ማሞቅ ደግነት ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ሳይበላ ስቡን መጨረስ ነው። ከ4 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ጨለማ ቦታ አቆዩት።

ስለ ምግብ የምትጨነቁትን ያህል ባትጨነቁ ይሻላል። ከሲታ ያልሆነ አዋቂ ሳላማንደር ሳምንት ሳይበላ ቢቆይ አይጎዳም፤ በማያውቀው ቦታ ተጨንቆ የበላውን ሊያስመልሰውም ይችላል። ከሳምንት በላይ ከቆየ በየሁለት ሦስት ቀኑ፣ ማታ ማታ፣ የተቆረጠ የምድር ትል ወይም በሁለቱ ዓይኖቹ መካከል ካለው ስፋት የማይበልጥ ነፍሳት ስጡት። ኮምፖስት ውስጥ የሚርመሰመሰውን ቀይ ትል ቀምሶ ቢተፋው አይግረማችሁ፤ መራራ ፈሳሽ ያወጣል። ያልተበላውን ጠዋት አውጡ፣ የተራበ ፌንጣ እንስሳውን መልሶ ይነክሳል።

እኛ በሥራው ያረጀነውን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራን በሽታ ነው። ቢሳል የሚባለው ቆዳ የሚበላ ፈንገስ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲገለጽ በኔዘርላንድስ የነበረውን የእሳት ሳላማንደር ሊጨርስ ተቃርቦ ነበር። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 የ20 ወገን ሳላማንደሮችን ማስገባት የከለከለችው ይህንኑ ፈርታ ነው። ስለዚህ ከሁለት ኩሬ የመጡትን አታቀላቅሉ፣ ለእያንዳንዱም ጓንት ቀይሩ። ዕቃና ቡት ጫማን አስቀድማችሁ ከጭቃ አጽዱ፤ ጭቃ የበረኪናን ኃይል ይገድለዋል። ከዚያ 4 በመቶ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ባለው በረኪና ወይም በ70 በመቶ አልኮል ለ5 ደቂቃ አርሱ፣ በብዙ ውሃ አለቅልቁ፣ ሽታው እስኪጠፋ አድርቁ። የተጠቀማችሁበትን ውሃና ፎጣ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ኩሬ አትድፉ። ቆዳው ላይ ጠርዛቸው የጠቆረ ክብ ቁስሎች ያሉበትን፣ ወይም ብዙ ሞተው ያገኛችሁበትን ቦታ ፎቶ አንስታችሁ አሳውቁ፤ ከዚያ ምንም ነገር ይዛችሁ አትውጡ።

መመለሻው ያ ምልክት ያደረጋችሁበት ቦታ ነው። ሲመሽ፣ መሬቱ እርጥብ ሆኖ፣ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ በላይ ሲሆን፣ ቅጠል ወይም ግንድ ሥር። ቦታው በግንባታ ከጠፋ የተሻለ የመሰላችሁን ጫካ ራሳችሁ አትምረጡ፤ መሥሪያ ቤቱ ይወስን። ቤታችሁ ሌላ እንቁራሪት ወይም ሳላማንደር ካላችሁና በዕቃም ሆነ በውሃ ከተነካኩ፣ ጤነኛ ቢመስልም ሐኪም ሳያየው ወደ ዱር አትመልሱት።