የቤት ሠራተኞች የደመወዝ ወለል፦ ጥያቄና መልስ

የቤት ሠራተኞችና አሠሪዎች በደመወዝ ሲከራከሩ መሐል ገብቼ ሒሳብ ሳስታርቅ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ዛሬ እናንተ የቡድናችን አባላት የምትጠይቁትን የቻልሁትን ያህል እመልሳለሁ። የደመወዝ ወለል የምለው ሕግ ከዚያ በታች መክፈልን የከለከለበትን ዝቅተኛውን ደመወዝ ነው፤ ዓመቶቹንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ። ስትጠይቁ ግን ሦስት ነገር አትርሱ፤ አገሩን፣ የሥራ ሰዓቱን፣ ሠራተኛዋ እዚያው የምታድር ወይስ ተመላላሽ መሆኗን።

ጥያቄ፦ ለቤት ሠራተኛዬ ስንት ልክፈል?

መልስ፦ የትኛው አገር? በቀን ስንት ሰዓት? ታድራለች ወይስ ትመላለሳለች? ከላይ የጻፍሁት ለዚህ ነበር።

ጥያቄ፦ እኛ ዘንድ የምታድር ናት። ወለሉ በሰዓት 10 ነው፤ እኔ በወር 2,600 እከፍላታለሁ። ውላችን በቀን 10 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ቀን ይላል። ሕጉን አሟልቻለሁ አይደል?

መልስ፦ በወረቀት ላይ አዎ። በሳምንት 60፣ በወር 260 ሰዓት ይሆናል፤ ልክ 10 ደረሰላት። አሁን እውነቱን እንቁጠር። ጠዋት 12 ሰዓት ተነሥታ ቁርስ ታዘጋጃለች፣ ማታ የእራት ዕቃ አጥባ ስትጨርስ 2 ሰዓት ይሆናል። አንድ ሰዓት አርፋለች እንበል፤ 13 ሰዓት ሠርታለች። በወር 338 ሰዓት ማለት ነው። 2,600 ለዚህ ሲካፈል 7 ከ69 ሳንቲም ነው። ክፉ ሰው ስለሆኑ አይደለም፤ ሰዓቱን የቆጠረው ስለሌለ ነው። የደመወዝ ወለል በቤት ውስጥ የሚፈርሰው በአብዛኛው በገንዘቡ በኩል ሳይሆን በሰዓቱ በኩል ነው።

ሌሊቱም አለ። አንዲት ሞግዚት የያዘችውን ደብተር አሳይታኝ ነበር። በልጆች የቀለም እርሳስ፣ በአረንጓዴ፣ «ሌሊት 9፡40 ተነሣ፣ 10፡25 ተኛ» እያለች ጽፋለች። በአንድ ወር ውስጥ 22 ሌሊት፣ በአማካይ 45 ደቂቃ። ተደምሮ ከ16 ሰዓት በላይ ሆነ። አሠሪዋ ደብተሩን ገልጣ ስታነብ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ ልጇ ሌሊት እንደሚነሣ እንኳ አታውቅም ነበር። የዓለም ሥራ ድርጅት በ2011 ያጸደቀው ስምምነት ቁጥር 189 ሠራተኛዋ በራሷ ጊዜ ማዘዝ የማትችልበትና ጥሪ የምትጠብቅበት ሰዓት፣ የአገሩ ሕግ በሚወስነው መጠን፣ የሥራ ሰዓት ነው ይላል። ስለዚህ ሰዓት መዝግቡ።

ጥያቄ፦ ትበላለች፣ ትተኛለች። ያንን ከደመወዟ መቀነስ አይገባኝም?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል፣ ሁልጊዜም እመልሰዋለሁ። ስምምነቱ በዓይነት መክፈልን ጨርሶ አልከለከለም። የሚፈቅደው ግን ከደመወዙ ውስን ድርሻ ብቻ ነው፤ ሠራተኛዋ ተስማምታ፣ ለግል ጥቅሟ ሲውል፣ ዋጋውም ሚዛናዊ ሲሆን። የሥራ ልብስና መጥረጊያ የእርሷ ጥቅም አይደሉም፤ አይቀነሱም።

ደቡብ አፍሪካ በ2002 ለዘርፉ ያወጣችው ደንብ ለመኝታ ክፍል እንዲቀነስ የፈቀደው ቢበዛ 10 በመቶ ነበር። ክፍሉም ዝናብና ነፋስ የማያስገባ፣ ቢያንስ አንድ መስኮት ያለው፣ በሩም የሚቆለፍ መሆን ነበረበት። ስለ ቁልፉ አስቡ። መጋረጃ ተጋርዶላት ሳሎን የምትተኛ ሴት የመኝታ ኪራይ ስትከፍል አይቻለሁ። እርሷ የምትተኛው እንግዶች ሲሄዱ ነው፤ ያንን ክፍል ማለት ይከብደኛል።

ጥያቄ፦ ወለሉ ከፍ ሲል አሠሪዎች ሠራተኞችን አያሰናብቱም? ተጎጂዎቹ እነርሱው አይሆኑም?

መልስ፦ ሥጋቱን አልንቅም። በዚያው በደቡብ አፍሪካ ደንቡ ሲወጣ ብዙዎች የፈሩት ይህንን ነበር። በኋላ የተደረገ ጥናት ደመወዝ በ20 በመቶ ገደማ እንዳደገ፣ የሥራ ቅጥር ግን ጉልህ በሆነ መጠን እንዳልቀነሰ አሳየ። የጽሑፍ ውል ያላቸውም በዙ። ሰዓት ቀንሶ ማምለጥ እንዳይኖርም በሳምንት 27 ሰዓትና ከዚያ በታች ለምትሠራ የሰዓቱ ክፍያ ከፍ ተደርጎ ነበር። ብራዚል ደግሞ ሌላ ትምህርት ትሰጣለች። የ2015ቱ ሕጓ መብቶቹን የሚሰጠው ለአንድ ቤት በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ ለምትሠራ ነው። ሁለት ቀን ብቻ የምትጠራ ሴት ከዚያ ጥበቃ ውጭ ናት። እንዲህ ያለ መስመር ባለበት ሁሉ አሠሪ ከመስመሩ ወዲህ መቆም ይቀናዋል።

አንድ አባል፦ ይህ ሁሉ ለሀብታም ነው። እኔ ራሴ ደመወዝተኛ ነኝ። ሞግዚት ካልቀጠርሁ ሥራ መሄድ አልችልም።

ሌላ አባል፦ የእርስዎ ደመወዝ ማነስ የእርሷ ዕዳ ነው?

አንድ አባል፦ ዕዳ አላልሁም። እንደ እህቴ ነው የማያት፤ የምንበላውን ትበላለች።

ሌላ አባል፦ እህትዎ ስትታመም ከደመወዟ ይቆረጣል?

መልስ፦ ሁለታችሁም ቆዩ። የመጀመሪያው ችግር እውነተኛ ነው፤ የሕፃናት ማቆያ በሌለበት የመንግሥት ሸክም በሁለት ሴቶች ትከሻ ላይ ይወድቃል። «እንደ ቤተሰብ» የሚለውን ግን አልቀበልም። ብሪታንያ እንደ ቤተሰብ አባል አብራ የምትኖርን ሠራተኛ ከወለሉ የሚያስወጣ አንቀጽ ነበራት፤ ከኤፕሪል 1 ቀን 2024 ጀምሮ ተሽሯል። አሜሪካም የ1938ቱን የደመወዝ ሕግ ለቤት ሠራተኞች ያዳረሰችው በ1974 ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት! ሰዓት ካልተመዘገበ ፍቅርም አያስከፍልም።

ጥያቄ፦ ግብሩስ እንዴት ይታሰባል?

መልስ፦ የሒሳብ ባለሙያ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ኳታር ነው የምሠራው። ወለሉ እኛን ይመለከታል?

መልስ፦ ይመለከታል። ከማርች 2021 ጀምሮ በወር 1,000 ሪያል ነው፤ የቤት ሠራተኞችንም ያካትታል። አሠሪው ምግብ ካላቀረበ 300፣ መኖሪያ ካልሰጠ 500 ሪያል ይጨምራል። ፓስፖርትዎን ለማንም አያስረክቡ።

ጥያቄ፦ የኤጀንሲው ክፍያ ከደመወዜ እየተቆረጠ ነው።

መልስ፦ በስምምነት 189 መሠረት አይቆረጥም። አገርዎ ስምምነቱን ማጽደቁን ያጣሩ።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ግን በአጭሩ ለቤት ሠራተኛ ስንት ይከፈላል?

መልስ፦ የመጀመሪያውን ጥያቄ ያንብቡ። ለሁሉም የሚሆን ቁጥር የለኝም፤ ቢኖረኝም ሰዓቱን ሳላውቅ አልሰጥም።

ጥያቄ፦ እኔ ሠራተኛዋ ነኝ። በየቀኑ እጽፋለሁ፣ እመቤቲቱ ግን አትፈርምም። ያልተፈረመ ጽሑፍ ዋጋ አለው?

መልስ፦ አለው፤ መጻፍዎን እንዳያቆሙ። በዚያው ቀን ይጻፉ፤ በወሩ መጨረሻ በአንድ ቁጭታ የተሞላ ደብተር በአንድ ዓይነት ቀለምና እጅ ያስታውቃል። የተነሡበትን፣ ያረፉበትን፣ የጨረሱበትን ሰዓት ለይተው ያስፍሩ። «ዛሬ እንግዳ አለ፣ አምሺ» የሚል የስልክ መልእክት ከደረሰዎት አያጥፉት። ደመወዝ የተቀበሉበትን ቀንና መጠን ከዚያው ሥር ይጻፉ። ደብተሩን ግን በዚያ ቤት አያስቀምጡ፤ በዕረፍት ቀንዎ ለሚያምኑት ሰው ይስጡ ወይም ገጹን ፎቶ አንሥተው ይላኩ። ለሰኞ የሚሆን አዲስ ደብተር ከሌለዎት ይጻፉልኝ።