ዴይን «አለበት» ልበለው ወይስ «ይገባል»?

አዲስ ኪዳንን በግሪክኛው ማንበብ የጀመሩ አንባቢ ዴይ ስለተባለው የግሪክኛ የግዴታ ቃል ጠየቁኝ፦ «ዴይ የሚለውን ‹አለበት› ብዬ ልተርጉመው ወይስ ‹ይገባል›? ልዩነትስ አላቸው?» አላቸው፤ ያውም ብዙ።

በግሪክኛ የጥንቱ የግዴታ ቃል ክሬ ነው። መነሻው «አስፈላጊነት» የሚል ስም ነው፤ እየቆየ እንደ ግስ ሠራ። የጥንቱ ባለቅኔ ሆሜር የሚያዘወትረው እሱን ነው። ዴይን አንዴ ብቻ፣ ኢልያድ በተባለው ግጥሙ ዘጠነኛው ክፍል፣ በጀግናው በአኪሌስ አፍ ይለዋል። በአቴናውያን ዝርው ጽሑፍ ግን ዴይ ገነነ። አዲስ ኪዳን ላይ ሲደረስ ክሬ የቀረው ያዕቆብ 3፥10 ላይ ብቻ ነው። አማርኛችን እዚያ «ሊሆን አይገባም» ይላል፤ ግሩም ነው።

ዴይ የመጣው «ማሰር» ከሚለው ግስ ነው የሚሉ አሉ። ግዴታ እስራት ነው ለማለት ይመቻቸዋል። እኔ አልቀበለውም። ዝምድናው ከ«መጉደል» ጋር ነው። አቴናውያን «ፖሉ ዴይ» ሲሉ «ብዙ ይቀረዋል» ማለታቸው ነበር፤ እዚህ ምን እስራት አለ? ስለዚህ ዮሐንስ 3፥7 ላይ ለዴይ የቆመው «ያስፈልጋችኋል» ለሥሩ ቅርብ ነው።

«አለበት» ሌላ ነገር ነው። «መቶ ብር አለብኝ» እና «መሄድ አለብኝ» ውስጥ ያለችው «ብ» አንድ ናት፤ ሸክሙን ሰውየው ላይ ትጭናለች። የግሪክኛ አቻው ኦፌይሎ ነው። እሱም መጀመሪያ የገንዘብ ዕዳ ነበር፤ የሥነ ምግባር ግዴታ የሆነው ኋላ ነው። ለዚህ ነው «ዝናቡ መዝነብ አለበት» ሲባል ጆሮዬን የሚቆረቁረኝ። ዝናብ የማን ዕዳ አለበት?

ዛሬ ሁሉም እንደዚያ እንደሚል አውቃለሁ። ስሕተት ነው ብዬ መከራከርም አልችልም፤ ቋንቋው ሄዷል። ግሪክኛም ሄዷል። የዛሬ ግሪኮች ዴይን ትተው ፕሬፒ ይላሉ፤ ጥንት «ይስማማል፣ ያምራል» የነበረውን ቃል። እሱ ደግሞ «ምስጋና ይገባሃል» ስንል ያለው «ይገባል» ነው፤ ግዕዙ «ይደሉ» የሚለው።

እንግዲህ ለዴይ «ይገባል» ወይም «ያስፈልጋል» ይበሉ። ለአናንኬ፣ ማምለጫ ለሌለው ግዴታ ለሚባለው የግሪክኛ ቃል፣ «ግድ ነው» አለልዎት። «አለበት»ን ለኦፌይሎ ያቆዩልኝ። ዮሐንስ 13፥14 ላይ፣ እግር ስለ መተጣጠብ በሚናገረው ቦታ፣ ግሪክኛው ኦፌይሎ ነው፤ አማርኛው ግን «ይገባችኋል» ብሎታል። ብዙዎች ይወዱታል። እኔ ብሆን «ዕዳ አለባችሁ» እል ነበር።