ስለ ጥንቱ የባሕር በረዶ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ በረዶ ቀልጦ ይጠፋል። ከብዙ ሺህ ዓመታት በኋላ «እዚህ ነበረ» የሚባለው በምን ማስረጃ ነው?

መልስ፦ በረዶው ቢጠፋም በውስጡ የኖሩት አሻራቸውን ይተዋሉ። ዲያቶም የሚባሉ ደቂቅ አልጌዎች በባሕር በረዶ ውስጥ ይኖራሉ። ጥቂቶቹ ዝርያዎች 25 ካርቦን ያለው ቅባት መሰል ውህድ ይሠራሉ። በጸደይ በረዶው ሲቀልጥ ውህዱ ሰጥሞ በባሕሩ ወለል ጭቃ ውስጥ ይቀበራል። የእንግሊዙ ፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሳይመን ቤልትና ባልደረቦቹ በ2007 እ.ኤ.አ. አይፒ25 ብለው ለበረዶ ምልክትነት አቀረቡት።

ጥያቄ፦ ውህዱ ካልተገኘ በረዶ አልነበረም ማለት ነዋ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። በረዶ ከሌለ ውህዱ አይኖርም። በረዶው ዓመቱን ሙሉ የማይለቅ ወፍራም ከሆነም ብርሃን ስለማያሳልፍ አልጌው አያድግም፤ ያኔም ውህዱ አይኖርም። ባዶ ውጤት ሁለት ተቃራኒ ፍቺ አለው። ስለዚህ ከዚያው ጭቃ በክፍት ውሃ የሚኖሩ አልጌዎች የተዉት ቅባትም ይለካል። እርሱ በዝቶ አይፒ25 ከታጣ ባሕሩ ክፍት ነበር፤ ሁለቱም ከታጡ ተደፍኖ ነበር። በአንዱ ብቻ የሚፈርድ ጥናት ሳነብ እኔ አላምነውም።

ጥያቄ፦ በሩሲያና በአላስካ መካከል ባለው ቤሪንግ ባሕር ላይ ምን ታየ?

መልስ፦ ከ14,700 ዓመታት በፊት ገደማ አየሩ ሲሞቅ በረዶው ሸሸ፤ ከ12,900 እስከ 11,700 ዓመታት በፊት በነበረው የቅዝቃዜ ዘመን ተመልሶ መጣ፤ ከዚያ እንደገና አፈገፈገ።

ጥያቄ፦ በረዶው የሙቀት ተከታይ ብቻ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ራሱም ያባብሳል። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ግሪንላንድ ከ20 ጊዜ በላይ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ከ8 እስከ 16 ዲግሪ ሞቃለች። በኖርዌይ ባሕር ላይ ጨው የቀነሰ ቀዝቃዛ ውሃ ተንሳፍፎ፣ በላዩ በረዶ ተጋግሮ ነበር፤ ከሥሩ ደግሞ ከአትላንቲክ የሚመጣው ሞቃት ጨዋማ ውሃ ይከማቻል። አክንባሎ እንደተደፋበት ምጣድ ነው። አክንባሎው ሲነሣ የታመቀው እንፋሎት ፊትን ይመታል፤ በረዶው ሲሸሽ የባሕሩም ሙቀት እንዲሁ ወደ አየር ወጣ።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ለሐበሻ ምኑ ነው?

መልስ፦ ጣና አለልዎት። ከ18,000 እስከ 15,000 ዓመታት በፊት ገደማ ሰሜን አትላንቲክ እጅግ ቀዝቅዞ በረዶው ሲስፋፋ፣ የአፍሪካ የክረምት ዝናብ ተዳከመ። ከሐይቁ ወለል ተቆፍሮ የወጣው ጭቃ በዚያው ዘመን ጣና እንደደረቀ ያሳያል። ዓባይም ያኔ ከጣና የሚቀዳው ውሃ አልነበረም።