ማን ይጠግነዋል?

በክፍት ምንጭ፣ ማለትም ኮዱን ማንም አይቶ ማሻሻያ ሊያቀርብበት በሚችል የሶፍትዌር ፕሮጀክት ላይ የምትሠራ አንዲት ወጣት ሰሞኑን «ኮዴ ይሠራል፤ ስህተቱንም በማስረጃ አሳይቻለሁ፤ ታዲያ የፕሮጀክቱ ኃላፊዎች ለምን አይቀበሉኝም?» ብላ ጠየቀችኝ። ለእርሷ የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር። ለእናንተ ግን የቆየ ቁጭት ላውጋችሁ።

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ በነበረው ቢሯችን ከሁላችንም የላቀ አንድ ፕሮግራመር ነበር። ለደንበኞች የምንተክለው የሒሳብ ሶፍትዌር በውጭ አገር ሰዎች የሚመራ ክፍት ምንጭ ሲሆን፣ ዓመት ሁልጊዜ አሥራ ሁለት ወር እንደሆነ ታሳቢ አድርጎ የተጻፈ ነበር። ለጳጉሜን ቦታ የለውም። ሐምሌ 1 ቀን የሚጀምረውን የበጀት ዓመታችንንም በወጉ አይዘጋም። ባልደረባችን ኮዱን ሲመረምር 12 ቁጥር በየቦታው ተሰግስጎ አገኘው። ሁሉንም ነቅሎ፣ የወራቱን ብዛት ከቀን መቁጠሪያው የሚጠይቅ አሠራር ገነባ፤ ጳጉሜን 5፣ በአራት ዓመት አንዴ ደግሞ 6 ቀን መሆኗ ሳይቀር። ከዚያ የተሻለ ኮድ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

ላከው፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ። የቀን ስሌቱ፣ የመረጃ ቋቱ ለውጥ፣ መንገድ ላይ ያስተካከላቸው ስሞች ሁሉ ተቀላቅለው ሄዱ። የፕሮጀክቱ ኃላፊዎች ከፋፍለህ ላክ አሉት። የነባር ተጠቃሚዎች መዝገብ ቢበላሽ ማን ይጠግነዋል ብለውም ጠየቁት። እርሱ እንደ ንቀት ቆጠረው። ማታ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወደ ፒያሳ ስንወጣ ወሬው ሁሉ ይኸው ነበር። ፒያሳ ያኔ የድሮዋ ፒያሳ ነበረች፤ ማኪያቶ ይዘን እስከ መዝጊያ ሰዓት እንከራከር ነበር። «አገራችንን ስለማያውቁ ነው» ይላል። እውነቱን ነው፣ አያውቁም። ነገር ግን ኮዱን ተቀብለው እርሱ ነገ ቢጠፋ፣ ሌሊት ተነስተው የሚጠግኑት እነርሱ ነበሩ።

በመጨረሻ ኮዱን ቀድቶ፣ ከዋናው ፕሮጀክት ተነጥሎ የራሱን ቅጂ ለይቶ ወጣ። ደንበኞች ደስ አላቸው። ዋናው ፕሮጀክት የደኅንነት ማስተካከያ ባወጣ ቁጥር ግን ወደ ቅጂው የሚያሻግረው እርሱ ብቻ ነበር። ሥራ ሲቀይር ቅጂው ቆመ፤ ደንበኞቹም ጳጉሜንን በኤክሴል ወደ መሥራት ተመለሱ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ኮፕቶችም እንደ እኛ 13 ወር አላቸው፤ የዕብራውያን አቆጣጠርም በአንዳንድ ዓመታት 13 ወር ይሆናል። ለውጡ የብዙ ሕዝብ ጉዳይ ነበር፤ የቀረበው ግን የአንድ አገር አቤቱታ ሆኖ ነው።

ክፍት ምንጭ የሆነውን የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና፣ የሊኑክስን ታሪክ ተመልከቱ። ከርነሉ (የሥርዓቱ እምብርት) ለፋብሪካ ማሽን የሚያስፈልገውን የማይዛነፍ የምላሽ ጊዜ እንዲያከብር የሚያደርገው ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 አካባቢ ነው፤ ተጠናቆ የገባው በ2024፣ በከርነሉ 6.12 ዕትም ነው። ሃያ ዓመት! በመካከሉ ሰዎቹ ጊዜን እጅግ በደቃቁ እንደሚለኩ የሰዓት ቆጣሪዎች ያሉትን፣ ለሁሉም ተጠቃሚ የሚጠቅሙትን ክፍሎች አንድ በአንድ አስገቡ። የመጨረሻው ቁራጭ ሲቀርብ የሚያጣላ ብዙ ነገር አልቀረም።

የዛሬ ልጆች ፈጣኖች ናችሁ፤ በዚህ እቀናለሁ። በሰው ሠራሽ አስተውሎት በአንድ ምሽት ሺህ መስመር ታወጣላችሁ። የሚያነብላችሁ ሰው ግን ያው ሁለት ዓይን ነው ያለው፤ ይህንን ስትረሱ እናደዳለሁ። ሙከራ አያይዙ፣ በትሕትና ጻፉ የሚለውን አልደግመውም፤ ታውቁታላችሁ።

ደግሞ ሁልጊዜ ታገሡ አልልም። እ.ኤ.አ. በ1997 የጂሲሲ ኮምፓይለር (ኮድን ማሽን ወደሚረዳው ቋንቋ የሚተረጉም ፕሮግራም) እድገት መጓተቱ ያስመረራቸው ፕሮግራመሮች ኢጂሲኤስ የተባለ ቅጂ ለይተው ወጡ፤ በ1999 ያ ቅጂ ራሱ ዋናው ጂሲሲ ሆነ። እነዚያ ግን የተበታተኑ ማሻሻያዎችን ይዘው ሲሠሩ የቆዩ፣ በአንድነት የተሰባሰቡ ሰዎች ነበሩ። እንዲህ ያለ ቡድን ካላችሁ፣ ስለ ሃያ ዓመቱ የጻፍኩትን ተዉትና ውጡ።