መልስ፦ ኦልስፓይስ ቅይጥ ቅመም ነው ወይስ አንድ ፍሬ?

ወንድሜ፣ ኦልስፓይስ የሚባለው ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ገውዝ አንድ ላይ ተፈጭተው ነው ወይ ብለህ ጠይቀሃል። አይደለም፤ የአንድ ዛፍ ፍሬ ነው። ዛፉ በሳይንሳዊ ስሙ ፒሜንታ ዲዮይካ ይባላል፤ የቅርንፉድና የባሕር ዛፍ ዘመድ ነው። ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚሸትህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሁለቱም ዘይት በአብዛኛው ዩጂኖል የሚባል ንጥረ ነገር ነው።

ተፈጥሯዊ መገኛው የካሪቢያን ደሴቶች፣ ደቡብ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። በዚህ ቅመም ስሟ የገነነው ግን ጃማይካ ናት። ፍሬው የሚለቀመው አረንጓዴ እያለ፣ ሳይበስል ነው። ከዚያ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ቡናማ ሆኖ፣ ሲነቀንቁት ውስጡ ያሉት ዘሮች ሲንኳኩ ደርቋል ማለት ነው። ዛፉ ላይ እስኪበስል ከተተወ ይጠቁርና መዓዛው ይቀንሳል። ለመትከል ካሰብክ ደግሞ ይህን ልብ በል፦ ዛፎቹ ወንድና ሴት አላቸው። ወንዱ ያብባል እንጂ ፍሬው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ስለዚህ አንድ ችግኝ ብቻ ተክሎ ምርት መጠበቅ ቁማር ነው።

ጃማይካውያን ጀርክ ለሚሉት ጥብስ ሥጋውን በዚህ ቅመም ያሹታል፤ የዛፉን እንጨትም ያነዱበታል (ለእኔ ዋናው ጣዕም ከጭሱ ነው)። ስካንዲኔቪያውያን ሄሪንግ የተባለውን ዓሣ በኮምጣጤ ሲያቆዩ ይጨምሩታል። ከቅጠሉም ዘይት ይወጣል።

ስትገዛ ያልተፈጨውን ምረጥ፤ የዱቄቱ መዓዛ ቶሎ ይተናል። ካጣኸው ያልካቸውን ሦስቱን ቀላቅለህ መተካት ትችላለህ፣ ቅርንፉዱን ግን አታብዛው።