እሷ በሰዓት፣ እሱ በስሜት

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ የፍቅር ልብ ወለዴን እየጻፍኩ ነው። ልጅቷ ያለ ዕቅድ ከቤት የማትወጣ፣ ልጁ ደግሞ «እንደመጣ እናየዋለን» ባይ ነው። ለአምስት ቀን ተራራ ይወጣሉ፣ መንገዱን ሙሉ ሲነታረኩ ከርመው ጫፍ ላይ ይሳሳማሉ። ጓደኛዬ አንብባ «ደስ ይላል፣ ግን መዋደዳቸውን አላመንኩም» አለችኝ። የቱ ጋ ነው የሳትኩት?
ጀማሪዋ

መልስ፦ ጓደኛሽ ውለታ ውላልሻለች። የላክሽልኝን ምዕራፎች አነበብኳቸው፤ ምልልስ ትችይበታለሽ፣ ቀልድሽም ያስቃል። ግን ሁለቱ ዓይንና ናጫ የሆኑት በዘፈን ምርጫ፣ በልብስና በስልክ ነው። ይሄ ጭቅጭቅ እኮ ቢሮ ውስጥም ይካሄዳል። ተራራውን ብታነሺው ታሪኩ ምንም አይጎድልበትም፣ ችግሩ እሱ ነው።

ልዩነታቸው ውሳኔ ላይ ይውጣ። ሰዓትን ውሰጂ። ስኮትላንዳዊው ዊልያም ኔይስሚዝ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ተራራ ወጪዎች ዛሬም የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ፦ በየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት ገደማ፣ በየ600 ሜትሩ ዳገት ሌላ አንድ ሰዓት። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል እንበል፤ 10 ኪሎ ሜትርና 1,200 ሜትር ዳገት ይቀራቸዋል። አራት ሰዓት ማለት ነው። እሷ ሒሳቡን ጨርሳ «ይመሽብናል፣ እንመለስ» ትላለች፣ እሱ ቦርሳውን እያነሳ «ደርሰናል እኮ» ይላል። አሁን ጭቅጭቁ ዋጋ አለው፤ የተሳሳተው ሰው ሁለቱንም ጨለማ ውስጥ ያስገባቸዋል።

ግን ሁሌ እሷን ልክ አታድርጊያት፣ ትሰለቻለች። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ቦታን በቀን ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አለማድረግ ይመከራል፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረ ደግሞ እስኪለቅ ድረስ ወደ ላይ መሄድ የለም። ይህን ሕግ የምታውቀው እሷ ናት። ነገር ግን ዕቅዱ ላይ ትርፍ ቀን ስለሌለ ራሷን እየወቀራት «ደህና ነኝ» ብላ ጫማዋን ታስራለች፣ ያ ዕቅድ የማይገባው ልጅ ደግሞ ማታ ምግቧን እንዳልነካች ልብ ብሎ ስለነበር አጠገቧ ቁጭ ይልና የራሱን ጫማ ይፈታል። አንድም ቃል አትጨምሪበት። በገሃዱ ዓለም የሚጣመሩት በአብዛኛው የሚመሳሰሉ ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ አንባቢ «እነዚህ ሁለቱ ለምን?» ማለቱ አይቀርም፣ መልሱ ያ የተፈታ ጫማ ነው።

መሳሳሙን ከጫፉ አውርጂው። በ1974 እ.ኤ.አ. ደተንና አሮን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች፣ ካናዳ ውስጥ ካፒላኖ በሚባለው 70 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በተንጠለጠለ ድልድይ የሚያልፉ ወንዶችን አንዲት ሴት እንድታናግራቸው አደረጉ፣ ስልክ ቁጥርም ሰጠቻቸው። በኋላ ከደወሉት ውስጥ የሚበዙት የዚህኛው ድልድይ ሰዎች ነበሩ እንጂ፣ ለማነጻጸር በሌላ ዝቅተኛና የማይነቃነቅ ድልድይ ላይ የተነጋገሩት አይደሉም። የፍርሃት የልብ ምት ፍቅር መስሏቸው ይሆናል ነው ነገሩ። ጓደኛሽም የጠረጠረችው ይህንኑ ይመስለኛል። መሳሳሙ ሜዳ ላይ ይሁን፣ ትንፋሻቸው ተመልሶ፣ እሷ ውሃ የቋጠረ ተረከዙ ላይ ፕላስተር እየለጠፈች «እግርህ ይሸታል» ስትለው።

ጥያቄ፦ ልጁ በረዷማ ወንዝ ውስጥ ይወድቃል፣ ልጅቷ በአንድ ስሊፒንግ ባግ አብራው ገብታ ታሞቀዋለች፣ እዚያው ፍቅሩን ይገልጽላታል። ተበልቶበታል እንዴ?
ባለ ድንኳኑ

መልስ፦ ተበልቶበታል፣ ግን እኔ እስካሁን አልሰለቸኝም። በሥርዓቱ ጻፈው ብቻ። መጀመሪያ እርጥቡ ልብስ ይወልቃል። አልኮል አይሰጠውም፣ ሙቀት ያስወጣል እንጂ አያሞቅም። መንቀጥቀጡ ሳይሞቀው ካቆመ ተሻለው ማለት አይደለም፣ ባሰበት እንጂ። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲወርድ ጣት ቁልፍ መፍታት ያቅተዋል፣ ምላስም ይተሳሰራል። ስለዚህ ያንን የሁለት ገጽ የፍቅር ንግግር ለነገ ጠዋት አቆይለት፤ በዚያ ሰዓት የራሱን ስም በቅጡ ከጠራ ትልቅ ነገር ነው።