ስለ ዲኤፍኤስፒ ጠይቁ፣ ፎቶ ግን አትላኩ

ሰላም ቤተሰብ። ፓቶሎጂ (ናሙና በማይክሮስኮፕ የሚታይበት ክፍል) ላይ ነው የምሰራው፣ ኬሎይድ (ያበጠ ጠባሳ) ነው እየተባለ ዓመታት ስለሚቀመጠው የቆዳ ካንሰር ስለ ዲኤፍኤስፒ የምችለውን እመልሳለሁ። በፎቶ አልመረምርም።

ማሂ፦ ሪፖርቴ ሲዲ34 ፖዘቲቭ ይላል። በቃ ካንሰር ነው?

መልስ፦ ብቻውን አይበቃም። ሲዲ34 በቀለም የምንፈልገው የሴል ምልክት ነው፣ የደም ስር ሴሎችም፣ ሌሎች እጢዎችም ላይ አለ። ቀጫጭን ሴሎች እየተጠማዘዙ ከቆዳ ስር ያለው ስብ ውስጥ ሰርገው ገብተው ካየን፣ ሲዲ34 ደምቆ ፋክተር 13ኤ የሚባለው ሌላ ምልክት ከሌለ፣ ያኔ ወደ ዲኤፍኤስፒ እንሄዳለን። ደርማቶፋይብሮማ በሚባለው ካንሰር ያልሆነ የቆዳ እጢ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ግልባጩ ነው። ከላይ ተልጦ የመጣ ናሙና ስብ የለውም፣ ምን ልበልበት? ጥልቅ ባዮፕሲ አስወስዱ!

ቢኒ፦ ፊውዥኑ ምንድነው?

መልስ፦ እቺን ነው የምወደው። ክሮሞዞም 17 ላይ ኮላጅን (የቆዳ ማጠንከሪያ ፕሮቲን) የሚሰራው ኮል1ኤ1 የሚባል ጂን አለ፣ 22 ላይ ደግሞ ሴል ተባዛ የሚል ፕሮቲን የሚሰራው ፒዲጂኤፍቢ። ሁለቱ ተሰብረው ሲጋጠሙ (ፊውዥን ማለት ይሄ ነው)፣ ብዙ ጊዜ ቀለበት ሰርተው ነው የምናገኛቸው፣ ፒዲጂኤፍቢ በኮላጅኑ ማብሪያ ስር ይገባል፣ እሱ ማብሪያ ደግሞ እነዚህ ሴሎች ላይ አይጠፋም፣ ስለዚህ ሴሉ ራሱ ያመረተው ፕሮቲን የራሱን ሪሴፕተር (መልእክት ተቀባይ) እየነካ ያባዛዋል። በ1997 ነው የታወቀው። ኢማቲኒብ የሚባለው ኪኒን ሪሴፕተሩን ስለሚዘጋ አሜሪካ በ2006 በኦፕሬሽን ለማይወጣው፣ ለተመለሰው ወይ ለተሰራጨው ፈቀደችው።

ሳሚ፦ ኢማቲኒብ የደም ካንሰር ኪኒን አይደል እንዴ? አጎቴ ይወስዳል

ቤቲ፦ ሳሚ አታምታታ፣ ስለ ቆዳ ነው የሚወራው

ሳሚ፦ ኪኒኑ አንድ ነው እኮ!

ቤቲ፦ ቆዳና ደም ምን አገናኛቸው

መልስ፦ ሳሚ ልክ ነው። እዛ ቢሲአር-ኤብል የሚባለውን የደም ካንሰሩን ፕሮቲን ይዘጋል፣ እዚህ የፒዲጂኤፍን ሪሴፕተር። ከአጎትህ ኪኒን ግን ማንም እንዳይካፈል።

ዮኒ፦ ፊሽ (ፊውዥኑን የሚፈልገው ምርመራ) ኔጋቲቭ ወጣልኝ፣ ነጻ ነኝ?

መልስ፦ የግድ አይደለም። ጥቂቶቹ ፊውዥናቸው ፒዲጂኤፍዲ የሚባል ሌላ ጂን ላይ ነው፣ የተለመደው የፊሽ ፕሮብ (ጂን ፈላጊው) አያየውም። ስላይዱ ዲኤፍኤስፒ ከመሰለ አርኤንኤ ሲኩዌንሲንግ (የጂኖችን ቅጂ የሚያነብ ምርመራ) ይጠየቅ።

ራሄል፦ ለልጅ ይተላለፋል?

መልስ፦ አይተላለፍም። እጢው ውስጥ የተፈጠረ ነው።

ናቲ፦ ዶክተር ትከሻዬ ላይ እብጠት አለ፣ ፎቶውን በውስጥ ልኬያለሁ

መልስ፦ ናቲ፣ ከላይ ምን አልኩ? ቆዳ ሐኪም ጋ ሂድ።

ማሂ፦ እና ሲዲ34 ፖዘቲቭ ማለት ካንሰር ነው አይደል?

መልስ፦ ማሂዬ መልሻለሁ እኮ! ፋክተር 13ኤ ተሰርቶልሻል? ናሙናውስ ስብ አለው? እሱን ከሪፖርቱ አይተሽ ጻፊልኝ።